የእትዬ ዙበይዳ ቀበቶ የት ገባ?

ሌላው ሰው ፎቶ ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል። ዊዳድ ግን የካሜራዋ ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ እንዲቆይ ታደርግና እህል እንደሚያበጥር ሰው ወዲያ ወዲህ ታወዛውዘዋለች። የሞሮኮዋ ኤሳዊራ ወደብ ጀልባዎች ፎቶዋ ላይ ሰማያዊ ጭረት ይሆናሉ፤ ወፎቹ ነጭ ጭረት።

"ሆን ብዬ ነው" ትላለች።

"ሆን ብለሽ አበላሽተሽ!" ይሏታል እናቷ ራቢያ፣ እየሳቁ።

አንድ ቀን ሳቁ ቆመ። የሳፊ ከተማዋ እትዬ ዙበይዳ ለልጃቸው ለሙንዲር ሚስት ፈልገው የዊዳድን ፎቶ ላኩልኝ አሉ። "እኛ ቤት ግን ሙሽራ ካሜራ አንጠልጥላ ወደብ ለወደብ አትዞርም፤ ካሜራው ይሸጣል" ሲሉም አስጠነቀቁ።

"ሰው የሚመስል ፎቶ ላኪ!" አሉ እናት።

"እሺ እማዬ።"

መስታወት ፊት ቆማ ካሜራውን ነቀነቀችው። የወጣው ብርቱካንማ ጭስ ነው፤ መሃሉ ላይ ፀጉር ይሁን ድመት የማይለይ ጥቁር ነገር አለ። ይህን አይተው እምቢ ካላሉ ምን አይተው ሊሉ ነው? ላከችና ተኛች።

በማግስቱ እትዬ ዙበይዳ ደወሉ።

"ራቢያ፣ ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው! የዛሬ ልጆች እስከ መንጋጋቸው ያገጥጣሉ፤ ይቺ ከካሜራ እንኳ ሸሸች! ዓርብ ከምሳው ኩስኩስ በኋላ መጣን!"

ዊዳድ ጭንቅላቷን ያዘች። ስንቱን "እባካችሁ ተረዱልኝ" ስትል የኖረችበት ጥበብ በመጨረሻ አድናቂ አገኘ፤ አድናቂዋም አማቷ ሊሆኑ ነው!

የሙንዲር ፎቶም ደረሰ። እሱስ ጥርት ያለ ነው፤ አዲስ ፍሪጅ ተደግፎ ቆሟል፣ ጢሙ አንድ በአንድ ይታያል።

"ፍሪጁ አይከፋም" አለች ዊዳድ። የእናቷ ነጠላ ጫማ በጆሮዋ ስር አለፈ።

ዓርብ እትዬ ዙበይዳ በር የሚያህል የወርቅ ቀበቶ ታጥቀው ገቡ። ሙንዲር ኬክ ይዞ ከኋላ ተከተለ።

"ነይማ የኔ ሙሽራ፣ ካሜራው ሳይሸጥ እኔን አንሺኝ" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "እህቶቼ ቀበቶው የውሰት ነው እያሉ ያሙኛል። ልኬላቸው ይረሩ!"

"እንደለመድኩት ላንሳዎት?"

"እንደለመድሽው!"

ሆዳቸውን ሳቡ። ዊዳድ ካሜራውን ከላይ እስከ ታች ወረድ አደረገችውና አሳየቻቸው።

እትዬ ዙበይዳ መነጽር አደረጉ። አወለቁት። መልሰው አደረጉት።

"ቀበቶዬስ?"

"ይኸው፣ ይሄ ቢጫው።"

"ይሄ? ይሄ የፈሰሰ ዘይት ነው!"

"ወርቁ ሲፈስ ነው እትዬ። ስሜቱን ይዩልኝ።"

"ስሜቱ ይቅርብኝ! ክብደቱ የታለ?"

"ጨዋ ቀበቶ ነው እትዬ፤ ከካሜራ ሸሸ።"

የእትዬ ዙበይዳ ፊት እንደ ቲማቲም ቀላ። "ወርቄን ዘይት ያደረገች ልጅ የኔን ቤት ደጃፍ አትረግጥም! ሙንዲር፣ ተነስ!"

ሙንዲር ተነስቶ ኬኩን ልተወው አልተወው ብሎ ቆመ።

"ኬኩንም!"

በሩ ተዘጋ። እናቷ ካሜራውን አነሱ። ዊዳድ በመስኮት ሊወረውሩት ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ሲቆይባት አንዱን ገለጠች። እናቷ ፎቶውን ያዞሩታል፣ ያቀርቡታል፣ ያርቁታል።

"ሴትዮዋ ግን ቀጥነዋል" አሉ ቀስ ብለው።

"ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ነው እማዬ። ሰውን ይስባል።"

ራቢያ ሻሻቸውን አስተካክለው ግድግዳው ጋ ቆሙ።

"በይ አንሺኝ። ወገቤ ጋ ስትደርሺ ግን ነቅነቅ አድርጊው።"