ጋሽ ደመላሽ ቦይለሩን እንዴት ዝም እንዳሰኘው

፩

«ተነሺ ያለሽ ማነው? አራስ አይደለሽም እንዴ?»

ይህን ያሉት የስመኝ አማት እማማ አሰገደች ናቸው። ስመኝ ከአልጋዋ ብድግ ያለችው መታጠቢያ ቤት የተሰቀለው ቦይለር ሲያጉረመርም ሰምታ ነው። ሌላ ጊዜ ለገላ መታጠቢያ ያህል ብቻ ይበራ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ከንጋት ጀምሮ አልጠፋም። ጤነኛ ቦይለር አያጉረመርምም። በዚያ ቤት ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ የጠየቃት ግን የለም። እሷ የምትጠየቀው ገንፎው ላይ ቅቤ ይጨመር አይጨመር እንደሆነ ብቻ ነው።

፪

ቦይለር እንዴት እንደሚሠራ፣ ለማያውቁና እናውቃለን ለሚሉ

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸውም ቀላል ስለሆነ ነው።

ወፍራም የብረት በርሜል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይገባበታል፣ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት ያሞቀዋል፣ ሙቁ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ውሃው ሲበቃው ቴርሞስታት የሚባለው መቆጣጠሪያ መብራቱን ይቆርጣል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ቦታ ይጠበዋል፤ ትርፉን የምታስወጣ ትንሽ ቫልቭ ከሥሩ አለች። እሷም አልፎ አልፎ ጠብ ጠብ ትላለች። ጠብ ማለቷ ሥራዋ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈላት ቢሆን ለዚያ ነበር የሚከፈላት። ሳታቋርጥ ከፈሰሰች፣ ውሃው ካቃጠለ ወይም በርሜሉ ድምፅ ካወጣ መብራቱ ይጠፋና ሰው ይጠራል። የሚጠራው ደግሞ፦

ባለሙያ።

ቃሉ ብቻውን የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ ታሪኩ መጨረሻ ድረስ ማንም አይጠራውም።

፫

ባለሙያው

በእሱ ፋንታ የተጠራው የእማማ አሰገደች ታላቅ ወንድም ጋሽ ደመላሽ ነው።* «ፋብሪካ ሠርቷል» ይሉታል። ፋብሪካ ውስጥ ምን እንደሠራ የጠየቀ ዘመድ እስካሁን አልተወለደም። በር ላይ ፈታሽ ነበር። በሥራ ዘመኑ የስንቱን ሠራተኛ ኪስ ዳብሷል፤ አንድም ማሽን አልነካም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት እሱ በሄደበት ሁሉ ቀድሞት ይደርሳል፤ እሱ ግን የሚወራው ስለ ሌላ ሰው ይመስለዋል።

* አንቱታው የት ገባ የሚል ካለ፦ ተራኪው ወስዶታል። ቤተሰቡ ከፈለገ ይመልስለት።

፬

ቦይለር መግደል ለሚሻ መመሪያ

መጀመሪያ ጋቢህን ወደ ትከሻህ ወርውር። እህትህ «ለአራስ ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል፣ ይቺ ነገር መብራቱን ትቆራርጣለች» ስትልህ ምክንያቱን አትጠይቅ። ክዳኑን ፈተህ ቴርሞስታቱን ለይተህ ጣልና ሽቦውን ከሽቦ አገናኝ። የዚህ ሥራ ስሙ «ዳይሬክት ማድረግ» ነው። አፍህን ሞልተህ ጥራው።

አሁን ውሃው አያባራም፤ ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ ይሞቃል። ትንሿ ቫልቭ ጠብ ጠብ ማለቷን ታበዛለች። ይህን ጊዜ ቤቱን ሁሉ ሰብስበህ ቆጣ በል። «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ብክነት ነውር አይደለም?» በል። የቫልቯ አፍ ላይ ቴፍሎን የሚባለውን ነጭ የቧንቧ ጥብጣብ ጠምጥመህ፣ የብረት ቆብ አስገብተህ፣ ጥርሱ እስኪጮህ አጥብቀው።

እጅህን ታጠብ። ተመረቅ። ምሳ ብላ።

፭

ስመኝ እንዴት አወቀች?

ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ በታፈነ እንፋሎት በሚቀቀልበት ክፍል። እዚያ የመተንፈሻውን ቫልቭ ጠብታ የሚጸየፍ ሰው የለም። የሚፈራው ዝምታውን ነው።

ጋሽ ደመላሽ ቆቡን ሲያጠብቅ እሷ ወሊድ ላይ ነበረች። ይታገሱ፣ ባሏ፣ አጠገቡ ቆሞ ፒንሳ ያቀብል ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ «ቫልቭ መድፈን ደግ አይመስለኝም ነበር» ብሏታል። ምነው ታዲያ ዝም አልክ ስትለው፣ «አጎቴ ናቸው፣ ምን ልበል?» አላት። ያን ዕለት ናቀችው። ደመላሽስ አያውቅም፤ ይህኛው እያወቀ ነው ፒንሳ ያቀበለው።

፮

ሳሎን ውስጥ የተባለው እንደተባለ

ስመኝ፦ ጋሼ፣ ያቺ ቆብ መነሳት አለባት። ቦይለሩ መተንፈሻ የለውም።

ጋሽ ደመላሽ፦ አይ ልጄ! ብረት ይተነፍሳል እንዴ?

(ሳቅ።)

ስመኝ፦ ይፈነዳል።

እማማ አሰገደች፦ በስመ አብ! በአራስ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? ብርድ መቷት ነው ወንድሜ፣ አትቀየማት።

ስመኝ፦ ይታገሱ፣ መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ። ልጄ እኮ እሱ ሥር ነው የምትታጠበው!

ይታገሱ፦ ጋሼ እዚህ ቁጭ ብለው እያሉ እኔ…

እማማ አሰገደች፦ ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ተኚ።

፯

ከዚህ በኋላ እማማ አሰገደች ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልለው መታጠቢያ ቤት ገቡ። ውሃውን ሊያበርዱ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ቢከፍቱት እንፋሎት ተፋ። ፈሩ? ማን ይፈራል!

«እንዴት ያለ እጅ ሰጥቶሃል ወንድሜ! ቀዝቃዛውም ሞቀ!»

ስመኝ ገባት፤ መውጫ ያጣው እንፋሎት በቀዝቃዛው ቧንቧ ወደ ኋላ እየገፋ ነው። የዚያን ዕለት ፍርሃት ምጥ ላይ እንኳ አላየችውም። የቤቱ መብራት ማጥፊያ ያለው በሩ አጠገብ፣ ልክ ከጋሽ ደመላሽ ራስ በላይ ነው። በትልቅ ሰው ራስ ላይ እጅ መዘርጋት ነውር መሆኑን ታውቃለች። ዘረጋች።

ቀጭ።

«ራሴ ላይ?» አለ ደመላሽ።

«ራስዎ ላይ። መብራቱ ጠፍቷል፣ እሱ ግን ገና ያጉረመርማል። ሄደው ያድምጡት።»

ሊያዋርዳት ተነሳ። ገባ፣ እጁን ወደ በርሜሉ አስጠጋ፣ ሰበሰበ። ጆሮውን አዘነበለ። ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያች ቅጽበት አወቀ፤ ይህን የምንጽፈው ሳያውቅ ቀርቶ ነው ብሎ የሚከራከርለት እንዳይኖር ነው።

«አጥፍቻለሁ» ማለት ለዚህ ዓይነት ሰው ከሞት ይከብዳል። ስለዚህ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«ልጅቷ ፀሐይ ትሙቅ! ሁላችንም እንውረድ፣ አሁኑኑ!» አለ።

የሕፃን ፀሐይ መሞቂያ እንዲህ በሩጫ የተወረደበት ቀን የለም። ስመኝ ልጇን ከአማቷ እጅ ነጥቃ ስትወጣ እግረ መንገዷን የጎረቤቶቹን በር በጡጫ ደበደበች፤ ባዶ እግሯን ነበረች። ደረጃው ላይ የቀደማት አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋቢውን እንኳ አልጠበቀም።

፰

ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሆነው ሰሙት። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ከነፍሬሙ ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ነጭ እንፋሎት ተከተለው። በሰው ላይ የደረሰ ነገር የለም። ለጠብታ ሲሳሳ የከረመው ቤት በጣራው በግድግዳው ውሃ ያፈስ ጀመር።

እዚህ ላይ አንባቢ እውነቱ ወጣ ይላል። አንባቢ ይህን ቤተሰብ አያውቀውም።

እማማ አሰገደች እልል አሉ። ወንድማቸው እግር ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። «ፀሐይ ትሙቅ ያሰኘህ መልአኩ ነው! ነፍሳችንን አተረፍክ!» ደመላሽ በትሕትና አንገቱን ደፋ። «ውስጤ ነገረኝ» አለ።

ስመኝ ለቅሶና ድካም ተቀላቅሎባት መሬት ቁጭ ስትል ሕፃኗን ተቀብሎ ያቀፋትም እሱ ነበር። ፎቶ ቢነሳ ያምርበት ነበር።

ቀጥሎ የፈነዳበት ምክንያት ተፈለገ። ብዙም አላስቸገረም።

«ደህና ሲሠራ የከረመ ዕቃ» አሉ እማማ አሰገደች፣ «እሷ መብራቱን ድርግም ስታደርግበት ደነገጠ እንጂ ሌላ ምን ነካው?»

«ድንገት ማጥፋት አይወድም» አለ ባለሙያው።

ይታገሱ ሚስቱ አጠገብ በርከክ አለ። ሽቦው እንዴት እንደተገናኘ ያውቃል። ቆቡን ያጠበቀው ፒንሳ የማን እንደሆነ ያውቃል። ትከሻዋን ዳሰስ አደረጋትና፣

«ስሜ፣ በራሳቸው ላይ እጅሽን ዘርግተሻል። ጉልበታቸውን ሳሚና ይቅርታ በያቸው። ከዚያ ሌላ ቦይለር ይገጥሙልናል» አላት።

ግቢው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ስመኝ ተነሳች። መጀመሪያ ልጇን ከጋሽ ደመላሽ እቅፍ ወሰደች። በነጠላዋ ሸፈነቻት። ከዚያ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ባሏን መጨረሻ ላይ።

፱

ስመኝ፦ (ዝምታ። ቫልቭ ዝም ሲል ምን እንደሚከተል አንባቢ አይቷል።)