ለስታሜና ያልተነገራት

ሐኪሙ ስታሜናን ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቶ፣ ባሏን ቡዲሚርን ብቻ ወደ ክፍሉ አስገባው። በእኛ አገር ወጉ ይኸው ነው። ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። በሽታውንም በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ያ በሽታ» ይባልና ድምፅ ዝቅ ይደረጋል።

«ጨጓራዋ ላይ ነው» አለው ሐኪሙ። «ገና ትንሽ ነው፣ አልተሰራጨም። ቶሎ ከቆረጥነው ትድናለች። ብቻ አይዘግዩ፣ ቶሎ ያምጧት።»

ቡዲሚር ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እንደ ምንም ፊቱን አስተካክሎ «ጨጓራሽ ቆስሏል ነው የሚሉት» አላት። ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ሚላንካም በስልክ ይህንኑ አጸደቀች። «አባዬ፣ ስሙን ከሰማች በድንጋጤ ነው የምትሞተው። አደራህን እንዳትነግራት።» ሁለቱም ይወዷታል፣ ይሄን አልክድም። ግን እንዲህ ያለው ፍቅር ያናድደኛል።

ስታሜና ደግሞ የዋዛ ሴት አልነበረችም። ርታን በሚባለው ተራራችን ግርጌ ካሉት መንደሮች ሁሉ ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ቅጠሉን ራሷ ትለቅማለች፣ ራሷ ታደርቃለች፤ በተለይ ለጨጓራ ቁስለት ስሟ የታወቀ ነው። እናም ቡዲሚር ቀዶ ጥገና ታዟል ሲላት ሳቀችበት።

«ለጨጓራ? የዚህን ሁሉ አገር ጨጓራ ማን ሲያክም የኖረ መሰለህ?»

«ሐኪሙ ግን ቶሎ ብሏል።»

«ሐኪም ቢላ ከያዘ ሌላ ምን ይላል? አንተ ደግሞ ነጭ ጋውን ባየህ ቁጥር አፍህን ትከፍታለህ።»

እውነቱን ሳያወጣ የሚያሳምንበት ቃል አልነበረውም። እሷ እሬቱን በማር ለወሰች፣ ዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈውን የተራራ ቢጫ አበባ በየማለዳው በባዶ ሆዷ ትጠጣ ጀመር። ሕመሙም ጋብ አለላት። ያኔ የቡዲሚርም ጭንቀት ጋብ አለ። ማን ያውቃል፣ ቅጠሉ ያንንም ያጠፋው ይሆናል እያለ ራሱን ያባብል ጀመር።

ድርቆሽ በሚታጨድበት ሰሞን አንድ ጎልማሳ ከሲታ ሚስቱን ይዞ መጣ። ቡዲሚር ግቢው ጥግ እንጨት ይፈልጣል። ስታሜና ሴትዮዋን ጥላ ሥር አስቀምጣ ትጠይቃታለች።

«ሥጋ ያስጠላሻል?»

«ሽታውን ራሱ አልችለውም።»

«ሁለት ማንኪያ ስትቀምሺ ትጠግቢያለሽ? ቀሚስሽስ ሰፍቶሻል?»

ሴትዮዋ በሁሉም ተስማማች።

«ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ዘንድ ላንቺ የሚሆን ቅጠል የለም። ይሄ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ነገ ዛሬ ሳትዪ ሆስፒታል ሂጂ፣ ቁረጡልኝ በያቸው።»

ባልየው ደሙ ፈላ። «እማማ፣ ፊት ለፊት እንዲህ ይባላል እንዴ? ሊገድሏት ነው?»

«የምትገድላትስ አንተ ነህ፣ ቁጭ ብለህ ሻይ ስታፈላላት! ያመማትን ሳታውቅ ምኑን ትታከመው? በል ተነስ፣ የምሸጥልህ የለም።»

የቡዲሚር መጥረቢያ አየር ላይ ቀረ። እንግዶቹ እንደወጡ ወደ ሚስቱ ሄደ፤ ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር።

«ስታሜና።»

«አቤት። ምነው ፊትህ? መጥረቢያውን ሰበርከው?»

«ውሃ ስጪኝ» አላት። ጠጥቶም ወደ እንጨቱ ተመለሰ። በወጣትነቴ ከድብ ጋር ተፋጥጫለሁ እያለ ራኪያ የተባለው አረቄ በተቀዳ ቁጥር የሚያደነቁረን ሰውዬ፣ ከገዛ ሚስቱ ጋር መፋጠጥ አቃተው።

ማታ ለሚላንካ ደወለ። «ምግብ በላች?» አለችው። «በልታለች» አላት። «እንግዲያው ተዋት፣ ተሽሏታል ማለት ነው።» እሱም ተዋት።

የፕሪሙ ፍሬ ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን፣ እሁድ ቀን፣ ቡዲሚር የበግ ጥብስ አቀረበላት። ስታሜና ሳህኑን ወደ ማዶ ገፋችው። «ውሰድልኝ፣ ሸተተኝ» አለች። የቀሚሷን ወገብ ያዘች፤ ትርፉ ጨርቅ መዳፏን ሞላው። ቡዲሚር ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ሐኪሙ ለብቻህ ያስገባህ ቀን ምን አለህ?»

ነገራት። ምንም ሳያስቀር ነገራት።

«ትንሽ ነው አለህ?»

«አዎ።»

«ከተቆረጠ ትድናለች አለህ?»

«ብሎኛል። በድንጋጤ ትሞችብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለና ተንሰቀሰቀ።

«የፈራኸው አንተ፣ የምሞተው እኔ።» አልጮኸችበትም። ብትጮህበት በተሻለው ነበር። «በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር እኮ፣ ቡዲሚር። ለሰው ሁሉ ሂዱ የምል ሴት፣ እኔ እምቢ የምል መሰለህ?»

በማግስቱ ሆስፒታል ገባች። ቀዶ ጥገናው ይረዝማል ተብሎ ነበር፣ ሐኪሙ ግን ሳይቆይ ወጣ። ተሰራጭቷል፣ ከፍተን መልሰን ሰፋነው አላቸው። ሚላንካ እንባዋን ጠራርጋ የአባቷን ክንድ ያዘች። «አወጡልሽ በላት፣ አባዬ። ቢያንስ ደስ ብሏት ትሰንብት።»

ስታሜና ስትነቃ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ልጇን አላየቻትም፤ ያየችው ባሏን ነው።

«አወጡት?»

ሚላንካ ከኋላ ጀርባውን ነካ አደረገችው። ቡዲሚር አልዞረም።

«አላወጡትም። ተሰራጭቷል። ከፍተው መልሰው ሰፉሽ።»

ስታሜና እጁን ፈልጋ ያዘችው።

«አየህ» አለችው በደከመ ድምፅ፣ «ሰማሁት። በድንጋጤ አልሞትኩም።»