የፕላስቲኩ ሰውዬ እናት

ወንድሜን ፈተና ላይ የጣለው ከወገቡ በታች የሌለው የፕላስቲክ ሰውዬ ነው። ነገሩን ገና ስሰማ ሳቅኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ የእማዬን ፊት አየሁና ሳቄን ዋጥኩት።

ወንድሜ የሕክምና ተማሪ ነው፣ አራተኛ ዓመት። ቤታችን ውስጥ ግን ዶክተር የሆነው አንደኛ ክፍል የገባ ዕለት ነው። እማዬ የዚያን ቀን ጠዋት "ዶክተር፣ ና ጫማህን ልሰርልህ" አለችው፤ ስሙ በዚያው ጸና። ጎረቤቱ ሁሉ ዶክተር ይለዋል። እኔም ዶክተር እለዋለሁ፣ የኔው ግን ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው፤ የእሱ ክፍል በር ደግሞ ፊት ለፊቴ። ስለዚህ የሚያደርገውን ሁሉ፣ ይልቁንም የማያደርገውን ሁሉ አያለሁ።

ፈተናው እንዲህ ነበር። ልቡ የቆመ ሰው ሲገኝ፣ ደረቱን በሁለት እጅ ጠለቅ አድርጎ ቶሎ ቶሎ መጫን ያስፈልጋል፤ ልቡ የተወውን ሥራ እጅ ይሠራለታል ማለት ነው። ለመለማመጃ ራስና ደረት ብቻ ያለው ፕላስቲክ መሬት ላይ ያጋድማሉ። በደንብ ሲጫኑት ትከሻው ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ካልጠለቀ ይጠፋል። ሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ መጫን ነው፣ በቃ። ወንድሜ በጽሑፉ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል፤ የትኛው የደም ሥር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ እንደ ሰፈሩ መንገድ ያውቀዋል። ፕላስቲኩ ላይ ሲንበረከክ ግን አረንጓዴው መጀመሪያ በራ፣ ቀጥሎ ብልጭ ድርግም አለ፣ ከዚያ ጨለመ። ደቂቃው እንኳ ሳይሞላ ወንድሜ በቂጡ ቁጭ ብሎ ውሃ ለመነ።

መምህርቷ ቀጭን፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው አሉ። ጎንበስ ብለው አዩትና "ልጄ፣ ሁለት በሽተኛ የማነሳበት ጉልበት የለኝም" አሉት። ከወር በኋላ ድጋሚ እንዲፈተን ቀጠሩት። ያኔም ከወደቀ ጓደኞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ሆስፒታል ሲገቡ እሱ ከታናናሾቹ ጋር ዓመቱን ይደግማል። "በቀን ግማሽ ሰዓት ስፖርት ሥራ። ሩጥ፣ ተሸከም፣ የፈለግከውን አድርግ፤ ብቻ ይሄን ክንድ ክንድ አስመስለው" ብለው አሰናበቱት።

እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ መፍትሔዋን ተናገረች። "ደክሞህ ነው እኮ የኔ ልጅ። ዛሬ ከዚህ እንዳትነቃነቅ፤ እራትህን እዚሁ አመጣልሃለሁ።" ከጀርባውም አንድ ትራስ ጨመረችለት።

ዶክተር ግን ፈርቶ ነበር። በማግስቱ የስፖርት ፕሮግራም ሊያወጣ ተቀመጠ። ሩጫውን በቀይ፣ ክንዱን በሰማያዊ፣ ሆዱን በአረንጓዴ ቀለም እያሰመረ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ። ሲጨርስ ደክሞት ተኛ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ሩጫ ዕለት እማዬ ከእሱ ቀድማ ተነስታለች። ሹራብ፣ ጃንጥላና የሞቀ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። "ሲያልብህ ብርድ ይመታሃል" እያለች ሹራቡን አጠለቀችለትና ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። በመስኮት ብመለከት፣ ዶክተር ከጎረቤታችን ከባለታክሲው መኪና ይወርዳል። ደግሞም እያነበበ።

"ሰው ከሩጫ በታክሲ ይመለሳል?" አልኩት ሲገባ።

"ምን ላድርግ እትዬ? ከኋላ ከኋላዬ ቀስ እያለ ይነዳል። እናትህ አደራ ብላኛለች፣ ካልገባህ አልሄድም አለኝ። መንገዱ ተዘጋ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ነፋብን። አፈርኩና ገባሁ።"

"መጽሐፉስ?"

"እሱንም እማዬ ናት የላከችልኝ። እግረ መንገድህን አንብብ ብላ።"

ቀጥሎ ገመድ ሊዘል ሞከረ። እማዬ እግሩ እንዳይጎዳ ብላ ፍራሽ አነጠፈችለት። ፍራሽ ላይ ገመድ ለመዝለል ሞክራችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ አንዴ ዘሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ቀይም ሰማያዊም ፕሮግራም የለም። እኔ ስናገረው መልሱ አንድ ነው። "ጊዜ የለኝም እትዬ። ይሄን ሁሉ ምዕራፍ ማን ያነብልኛል? ሃያ አራት ሰዓቱን ቆርጠሽ ስፌ፣ አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽ?"

ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ያናደደኝም ጥሩ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሶፋውን ትራስ መሬት ላይ አጋድሞ ሲጫን አገኘሁት። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፣ ክንዱ እንደ እርጥብ ልብስ ይንጠለጠላል። ሰዓቱን ሲያይ ገና ግማሹ አልደረሰም። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ሳይ ንዴቴ በረደ።

"ተነስ እስቲ" አልኩት። "እኔ ልሞክረው። እንዴት ነው?"

እጄን አስቀመጠልኝ፣ ክርኔን አቃናልኝ፣ ሰዓቱን ያዘ። ጀመርኩ። ከመኪናዬ ፔዳል ምት ብዙም አይለይም። እየተጫንኩ ደንበኛዬ ስላስጠበበችው ቀሚስ አወራሁለት፣ አሁን ወገቡ እንዴት እንደማይበቃት፣ አጥብቢልኝ ማለቷን እንዴት እንደምትክደኝ። ወሬዬ ሳያልቅ "በቃ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ሁለት ደቂቃው።" ክንዴን አየ፣ ፊቴን አየ። ትንፋሼ ያው ነው። "እትዬ፣ የት ነው ስፖርት የምትሠሪው?"

"አንተ ላይ" አልኩት።

አልገባውም። ስለዚህ አስረዳሁት፣ የአራት ዓመቱን አንድም ሳላስቀር። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ታች ግቢው ቧንቧ ድረስ ነው። እሱ የሚታጠብበትን ጀሪካን እኔና እማዬ ነን የምናወጣው። ጥቁር እስክሪብቶ ሲያልቅበት የምወርደው እኔ ነኝ። ፎቶ ኮፒው ቤት መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ ገጽ ሲጎድል የምመለሰው እኔ ነኝ። ልብሱን የምታጥበው፣ የምትጨምቀው፣ ጣሪያ ላይ አውጥታ የምታሰጣው እማዬ ናት። "ዶክተር እያጠና ነው" ከተባለ ቤታችን ውስጥ ዝንብም በእግሯ ነው የምትሄደው። እሱ የሚያነሳው ነገር ቢኖር ገጽ ነው።

 ብልጥ ልጅ ነው፣ አልክደውም፤ ነገር አንዴ ከገባው ገባው ነው።

"የኔ ግማሽ ሰዓት አንቺ ጋ ነው ያለው ማለት ነው" አለ።

"ግማሹ እኔ ጋ፣ ግማሹ እማዬ ጋ። የኔን አሁኑኑ ውሰደው፣ መርቄልሃለሁ። የእማዬን ግን ራስህ ሄደህ ተቀበላት፤ እኔ የለሁበትም።"

አለመኖሬ ደግ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ጩኸት ሰምቼ ብወጣ፣ እናትና ልጅ አንድ ጀሪካን ወዲህና ወዲያ ይጓተታሉ። ውሃው እየተንቦጫረቀ ሁለቱም ረጥበዋል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሁሉ በር ከፍተው ቆመዋል።

"ልቀቀው! ሰው ምን ይላል? ዶክተር ውሃ ተሸከመ ይበሉን?"

"እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ ልቀቂልኝ። ለፈተናው ነው።"

"ፈተናህ መጽሐፍህ ነው። ግባ!"

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል። እማዬ ይህን ልጅ የሰቀለችው ደግሞ ቁጭ ብላ አይደለም፣ ስትሮጥ ነው። የዚያን ዕለት ጀሪካኑን እሱ አስለቀቃት። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሁሉንም ሞልታ ጠበቀችው። በሦስተኛው ቀን ባዶዎቹን ጀሪካኖች አልጋው ሥር ደብቆ ተኛ። እሷ ደግሞ በባልዲ ወረደች። ሳምንቱን እንዲህ እየተሸቀዳደሙ ከረሙ፤ በሰፈራችን እንደዚያ ሰሞን ውሃ የሞላው ቤት አልነበረም።

በመጨረሻ አሸነፋት። ጠዋት ውሃ ያወጣል፣ ከሰዓት ፎቶ ኮፒውን ራሱ ያመጣል፣ ልብሱን ራሱ አጥቦ ጣሪያ ያወጣል። ትምህርቱም አልተጎዳም፤ አንደኛ ፎቅ ላይ የእጅ አጥንቶችን፣ ሁለተኛው ላይ የእግሩን፣ ሦስተኛው ላይ እያለከለከ የቀረውን ይቆጥራል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እስከ ጉልበታቸው ያለውን ሳይወዱ በግድ ሸመደዱት።

እማዬ ግን ሥራ ፈታች። እኔ ስሰፋ እሷ ሶፋው ላይ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ ጀመር። መቀመጥ አትችልበትም፤ እንግዳ ሆና የመጣች ትመስላለች። አንድ ቀን ድንገት "ከእንግዲህ ለእሱ ምን ላደርግለት ነው?" አለችኝ።

"ምን ሆንሽ እማዬ?"

"ያንን መጽሐፉን አላነብለት፣ የሚለውን አልሰማለት። ሲያጠና ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ፤ አንድ ፊደል አላግዘው። የማውቅለት መሸከም ነበር። እሱንም ቀማኝ።"

መኪናዬን አቆምኩ። አራት ዓመት ሙሉ ያን ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ ስታበላሸው ነበር የሚታየኝ። እሷ ግን አብራው እየተማረች ነበር፤ መንገዱ ይኼ ብቻ ስለነበር በዚያ ሄደች።  ክሬን መርፌ ውስጥ ለማስገባት ስታገል ቆየሁ።

እማዬ ያለችኝን ለዶክተር የነገርኩት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ዶክተር ትራሱን መሬት ላይ አጋደመና እማዬን ወንበር አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጣት።

"እማዬ፣ ምቱን አንቺ ትይዢልኛለሽ። ሰው ብቻውን ሲሆን ይዘገያል። እንዲህ አጨብጭቢልኝ።" ፍጥነቱን አሳያት። "ስደክም አንቺ አትድከሚ። ይሄው ነው ሥራሽ።"

"ይሄ ትራስ ምኑ ነው?" አለች እማዬ።

"ልቡ የቆመ ሰው ነው።"

"ወንድ ነው ሴት?"

ዶክተር ግራ ገባው። "ወንድ ይሁን።"

እማዬ ትራሱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረች። ስትጀምር ቀስ ብላ ነበር፣ እኛን ለማስደሰት ብላ። ዶክተር መሃል ላይ ደርሶ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ "አሁን ልታስቆመው ነው፣ ውሃም ልታመጣለት ነው" ብዬ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ከወንበሩ ብድግ አለች።

"ምነው ዘገየህ? ጠለቅ አድርግ!"

"ደከመኝ እማዬ።"

"ይደክማል። የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለው። እናቱ በር ላይ ቆማለች። አትቁም!"

እኔና ዶክተር ተያየን። ከዚያች ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ እረፍት የለም። እማዬ በእራት ሰዓት ታጨበጭባለች፣ እሱ መጽሐፍ ሲከፍት "ያ ልጅ እንዴት አደረ?" ትላለች፣ ትራሱን ማለቷ ነው። ባለታክሲውንም አደራ አለችው፤ ዶክተር ከትምህርት ቤት በእግሩ ሲመለስ ቢያይ እንዳይጭነው። ክንድ ማለት ምን እንደሆነ እኔ ሸሚዙን ሳሰፋለት ነው ያወቅኩት፤ ብብቱ ሥር አልበቃው ብሎ ሁለት ጣት ጨመርኩለት።

የፈተናው ዕለት እማዬ እንደ ልማዷ ቦርሳውን ልትይዝለት እጇን ዘረጋች። መልሳ ሰበሰበችና ከኋላዋ አጣመረችው። እሱ ወረደ፤ እሷ እስኪመለስ ድረስ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። እኔም ያን ቀን ሁለት እጅጌ አቀያይሬ ሰፋሁ።

ሲመለስ ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣው። ኮቴውን ሰምተን አወቅን። በሩን ከፍቶ ገባ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አልፌያለሁ ሊል አፉን ሲከፍት እማዬ ቀደመችው።

"ተነሳ?" አለችው።

እንዳልገባው አየሁ። አንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ገባውና ድምፁ ተቀየረ።

"ተነሳ፣ እማዬ። አረንጓዴው አንዴም አልጠፋም። መሃል ላይ ክንዴ ሲዝል ያንቺን ጭብጨባ ሰማሁት። መምህርቷ በቃ ሲሉኝም አላቆምኩም፤ ትከሻዬን ይዘው ነው ያስቆሙኝ። ምን እያልክ ነው ስትጫን የነበረው ሲሉኝ፣ እናት አለው እያልኩ ነበር ለካ።"

እማዬ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። አፍንጫዋንም። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ እኔ ውሃ ልታመጣለት መስሎኝ ነበር። በሁለት እጇ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ ወጣችና እግሩ ሥር አስቀመጠቻቸው።

"እንግዲያው ውረድ፣ ዶክተር" አለችው። "ውሃው መጥቷል።"