ማሽኑ ሲጮህ

በሆስፒታሉ የተኝቶ ታካሚዎች ዋርድ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ግትሯ» ነው የሚላት። ነርስነት ተምራ ጨርሳለች፣ የሥራ ፈቃድ ፈተናውን ግን ሁለቴ ወድቃለች። ስለዚህ ነርሶቹ ሲያዟት እሷ አልጋ ታነጥፋለች። ዋና ነርሷም ሰው በተሰበሰበበት ቁርጡን ነግረዋታል፤ «ዘንድሮም ከወደቅሽ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገቢያለሽ።» እሷ የምትፈልገው በሽተኛ አጠገብ መቆም ነበር፤ ከማጥናት ሌላ ምን ቀራት?

አክስቷ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ልብስ በሚተኩሱበት ጠረጴዛ ላይ የድሮ ጥያቄዎችን ዘርግተው ያስጠኗታል። ዘዴያቸው መዓት ነው። «ቅድሚያ» የሚለውን ቃል ፈልጊ ይላሉ። መልስ እንዳልሆኑ ያወቅሻቸውን ምርጫዎች ቶሎ ሰርዢና በቀሩት ላይ አስቢ። አንዴ የመረጥሽውን ደግሞ ስለፈራሽ ብቻ አትቀይሪ። ግትሯ ይህን ሁሉ እንደ ውኃ ጠጥታዋለች፤ የምትወድቀው ሌላ ቦታ ነው።

«የልብ መከታተያው ማሽን ጮኸ። ቅድሚያ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው አነበቡላት።

«ሽቦውን አያለሁ።»

«ተሳስተሻል።»

«እንዴት ነው የተሳሳትኩት? የኛ ማሽን እኮ ቀኑን ሙሉ ነው የሚጮኸው! ሽቦው ላልቷል። ቡጢ ስናቀምሰው ዝም ይላል።»

አክስቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ፣ የፈተናው ሆስፒታል የናንተ ሆስፒታል አይደለም። እዚያ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ሁሉም ነገር ሞልቷል፣ ያለሽም አንድ በሽተኛ ብቻ ነው። ዋርድሽን በር ላይ ትተሽ ግቢ።»

«በሌለ ሆስፒታል ነዋ የሚፈትኑኝ!» ደሟ ፈላ። «ጓንት ለምነን የምንሠራበትን መጥተው ይዩት!»

«ይምጡ፣ ይዩት። እስከዚያው ግን ማሽኑ ጮኸ። ሽቦ ታያለሽ ወይስ ሰው?»

ያበገናት ይኸው ጥያቄ ነው። በሽተኛውን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ፣ ያንን ማሽን ደብድባ ስንቴ እንዳለፈች ትዝ አላት። በሽተኞቹ ደህና ነበሩ፤ ደህና መሆናቸውን ግን አይታ አልነበረም። አፈረች። ከዚያ ደግሞ ይህን ባስለመዳት ዋርድ ላይ እልህ ያዛት።

የፈተናው ቀን ያው ጥያቄ ልብሱን ቀይሮ መጣ። ሽቦ መፈተሽ የሚለው ምርጫ እንደ ድሮ ወዳጅ ከላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። እጇ ወደለመደው ሊሄድ ሲል መለሰችውና በሽተኛውን ማየት የሚለውን መረጠች። ፈተናውን አለፈች።

ፈቃዷን ይዛ በገባችበት ጠዋት ማሽኑ ጮኸ። አንዷ ነርስ እንደ ወትሮዋ ቡጢዋን ጨብጣ ተነሣች። ግትሯ ቀደመቻትና ማሽኑን አልፋ አልጋው ላይ ወደተኙት ሽማግሌ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ደህና ነዎት? ትንፋሽ ያጥርዎታል?» የከንፈራቸውን ቀለም አየች፣ እጃቸውን ይዛ የልብ ምታቸውን ለካች።

«ኧረ ደህና ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «እንቅልፍ የነሳኝስ ይኼ ጯሂ ነው።»

ዋና ነርሷ ከጠረጴዛቸው ሆነው ሳቁ። «ይኸው፣ ማሽኑ ነው! ፈቃድ ሲያገኙ ደግሞ ይራቀቁብናል።»

ነርሶቹም ተከትለው ሳቁ። ግትሯ ፊቷ ቢግልም የሽማግሌውን እጅ አልለቀቀችም።

«አዎ ሲስተር፣ ማሽኑ ነው» አለች። «አሁን አወቅን። ቅድም አናውቅም ነበር።»

ሳቁ ቆመ።

«ሽቦው ዛሬ ይቀየር» አለች ግትሯ ቀጥላ፤ «እስኪቀየር ድረስ በጮኸ ቁጥር እየመጣሁ አያቸዋለሁ። ሌላው ሥራ ይጠብቃል።»

«አይጠብቅም ብልሽስ?» አሉ ዋና ነርሷ።

«ያኔ ልብስ ማጠቢያ ያስገቡኝ» አለች ግትሯ፣ «ከነፈቃዴ።»