የከንፈር ሥር ቁስል

"ክፈተው እንጂ! እንዲህማ የማየው ጥርስህን ሳይሆን ጢምህን ነው" አለች የጥርስ ሐኪሟ ኡልሪካ።

ቶርስቴን አፉን በሰፊው ከፈተ። ኡሜዮ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል። በየዓመቱ ለጥርስ ምርመራ ከሚስቱ ከአግኔታ ጋር በአንድ ጠዋት ይቀጠራሉ፤ እሱ ይቀድማል፣ እሷ ትከተላለች። ኡልሪካ አፉን ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። በትንሿ መስተዋት ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ድዱን በቀጭን መሣሪያ ነካካች፤ ራጅ አነሳችው። የተቦረቦረ ጥርስ አልተገኘም። እሱ የሚፈራው ግን ሌላ ነበር፤ ከንፈሩን ስትገልበው ዓይኑን ጨፈነ።

"ቦታ ቀይረሃል አይደል?"

"ምኑን?"

"አታሞኘኝ! ትምባሆውን ነዋ። የቀኙ ድድህ ገና መቅላቱ ነው። የዚህ አገር ወንድ ሁሉ ምርመራ ሲደርስ በግራ ከንፈሩ ሥር የሚወሽቀውን ወደ ቀኝ ያዛውርና የሸወደኝ ይመስለዋል።"

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ግራውን ያሳረፈው እዚያ የወጣበት ቁስል ይድናል ብሎ ነበር። አልዳነም። ኡልሪካ በጣቷ ጫን ስታደርገው ቀልዷን ተወች።

"ጠጠር ብሏል። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"በረዶው ሳይጥል በፊት።"

"ምን ነካህ ቶርስቴን? ሆስፒታል እልክሃለሁ፤ ቆንጥረው ይመረምሩታል። ካንሰር ነው አልልህም፤ አይደለምም አልልህም።"

ክው አለ። የአግኔታን ወንድም ካንሰር ከወሰደው ዓመት አልሞላውም፤ ሌሊት ተነስታ ስታለቅስ እየሰማ እንደተኛ የሚያስመስለው እሱ ነው። በዚያ ሐዘን ላይ ሌላ ለመጨመር አንጀቱ እንዴት ይችላል?

"ለአግኔታ እንዳትነግሪያት፣ በእናትሽ።"

"እኔ ያንተን ገመና አላወጣም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

ወደ መጠበቂያው ክፍል ሲወጣ አግኔታ ጫማዋ ላይ ክሊኒኩ የሚሰጠውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሽፋን እያጠለቀች ነበር።

"ምነው ፊትህ? ጥርስ ነቀለችብህ እንዴ?"

"ኧረ ምንም" ሊላት ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። በሩ ተከፈተና ስሟ ተጠራ። አግኔታ ቦርሳዋን አንስታ ስትነሳ እጇን ያዛት።

"ጥርስሽ ይቆይ" አላት። "ቁጭ በይ፤ የምነግርሽ ነገር አለ።"