ዘጠኝ ጊዜ የተማረችው አዚዛ

ነቀምቴ ውስጥ የሲስተም ኢንጂነሪንግን መሠረታዊ ትምህርት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ብቻ ነበር። ሰርተፊኬት ያላቸው ግን ዘጠኝ ነበሩ። አንዷ አዋቂ አዚዛ ከዘጠኙ ውስጥ አልነበረችም።

ነገሩ የጀመረው ስሙን ብናነሣው በማይጠቅመን አንድ መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ መዋቅር መጣ፤ ሠራተኛው ሁሉ ይህን ትምህርት በኢንተርኔት ተምሮ በወር ውስጥ ሰርተፊኬት ያምጣ ተባለ። ላላመጣ ድልድሉ ከከተማ ርቆ አንገር ጉቲን ነው የሚል ወሬም ተከተለ። ይህን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የእውቀት ጥም ያዘው። የቡድን መሪው ኦቦ ጉደታ ከሁሉም ቀድመው፣ አዚዛና ወንድሟ ፉአድ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ ወደከፈቱት ፎቶ ኮፒ ቤት ከተፍ አሉ።

«ኢንታላ ኮ፣» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ ኮምፒውተሩን ታውቂዋለሽ። እኔ እንግዲህ ስብሰባ ይበዛብኛል፤ በስሜ ተማሪልኝ።»

አዚዛ በስታቲስቲክስ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ ያጣች ልጅ ናት። እሺ አለች። ጥፋቷ እሺ ማለቷ ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱን ወደደችው። ሌላው ቢሆን ቪዲዮውን እያስሮጠ መልሱን በግምት ይመታ ነበር። እሷ መብራት በጠፋ ቁጥር የት እንደደረሰች ደብተር ላይ እየጻፈች ተማረች። ከመሥራትህ በፊት ለማን እንደምትሠራ ጠይቅ፤ ብልሽት የሚጀምረው ክፍሎቹ የሚገናኙበት ላይ ነው ይላል ትምህርቱ። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ የምታውቁትን አንድ ሥርዓት አጥንታችሁ ጻፉ የሚል ነበር። አዚዛ ሦስት ቀን መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ባጃጆቹ እንዴት ተራ እንደሚይዙና የት ላይ እንደሚጣሉ መዘገበች። ስድስት ገጽ ወጣው። አንጀቷ እስኪርስ ደጋግማ አነበበችውና የኦቦ ጉደታን ስም ጽፋበት ላከችው።

ሰርተፊኬቱ ሲደርስ ኦቦ ጉደታ በመስታወት አስገብተው ቢሯቸው ሰቀሉት። ሌሎቹ ስምንት ሠራተኞችም ተማሪልን እያሉ ተከታትለው መጡ። ለጂሩ ስለ ገበያው፣ ለሶረቲ ስለ ቦኖ ውኃው፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ጻፈችለት።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ አንድ የሲስተም ባለሙያ እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያውን ያተመችው ራሷ አዚዛ ናት። ዲግሪ ይላል፤ አላት። የኢንተርኔት ትምህርቱ ሰርተፊኬት ይላል፤ ዘጠኝ አስገኝታለች፤ በስሟ ግን አንድም የላትም። ማመልከቻው ሊዘጋ የቀረው አምስት ቀን ነው። ለአሥረኛ ጊዜ፣ በራሷ ስም ተመዘገበች። ሁለቱን ቀን መብራት ወሰደባት። አዲስ ጽሑፍ የምታዘጋጅበት ጊዜ ሲያጥራት የባጃጁን አወጣች። የራሴን ጽሑፍ ብልክ ማን ምን ይለኛል ብላ ላከችው።

መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ጽሑፍዎ ከአቶ ጉደታ ሥራ የተቀዳ ስለሆነ ሰርተፊኬት አይሰጥዎትም ይላል።

ደሟ ፈላ። ወረቀቱን አትማ አቤት ልትል በቀጥታ ቅጥር ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ሰብሳቢው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ኦቦ ጉደታ። እንግሊዝኛው ላይ ስማቸውን ሲያዩ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ቀጥሎ ነገሩ ገባቸው፤ ከዚያ ዓይናቸውን በጨው አጥበው አዘኑላት።

«አዬ ኢንታላ ኮ! ከበደሽ እንዴ? ብትጠይቂኝ እኮ አስረዳሽ ነበር።»

የኮሚቴው አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአባላቱ ሁለቱ ከዘጠኙ ነበሩ። እውነቱን ብትናገር ዘጠኝ ሰው በሐሰት ማስመረቋን ማመኗ ነው፤ ዋጥ አድርጋው ወጣች። ቦታው ለጂሩ ተሰጠ። አዚዛ ያን ቀን ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሰው እንዲህ አድርጎ ተመልሶ ይመጣል? ኦቦ ጉደታ በወሩ መጡ። ዳይሬክተርነት ተከፍቶ ኖሯል፤ ሁለተኛው ደረጃ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል።

«በስሜ ያዥልኝ፤ የፊተኛውን ረስቼዋለሁ፣» አሏት።

«እሺ ኦቦ ጉደታ፣» አለች።

ሲወጡ ፉአድ ጮኸባት። «አብደሻል እንዴ? አሁንም ለሳቸው?»

«አላበድኩም። ባለፈው የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው።»

ሁለተኛው ደረጃ የፊተኛውን ሰርተፊኬት ስለማይጠይቅ መጀመሪያ በራሷ ስም ተመዘገበች። ስለ ሆስፒታል የካርድ ክፍል አሥራ ሁለት ገጽ ጻፈች፤ ላከች፤ አለፈች፤ ሰርተፊኬቷን አትማ ያዘች። ከዚያ ያንኑ አሥራ ሁለት ገጽ፣ አንዲት ነጥብ ሳትነካ፣ በኦቦ ጉደታ ስም ላከችላቸው።

ለዳይሬክተርነቱ የሚወዳደሩት ማስረጃቸውን የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን፣ ጠዋት፣ ኦቦ ጉደታ ስልካቸውን ይዘው እየተጣደፉ ገቡ። ቤቱ በፈተና ተመዝጋቢ ተማሪዎችና በወላጆቻቸው ጢም ብሏል።

«ደብዳቤ መጣ! ማል ጄዳ? ምን ይላል?»

አዚዛ ስልኩን ተቀበለች። እንግሊዝኛውን መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እየተረጎመች አነበበችላቸው። «አቶ ጉደታ፣ ያቀረቡት ጽሑፍ ከሌላ ሰው ሥራ ቃል በቃል የተቀዳ ስለሆነ ሰርተፊኬት አይሰጥዎትም።»



«ኤኙ ኢራ? ከማን?» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«ከአዚዛ ይላል።»

ኦቦ ጉደታ ዙሪያቸውን አዩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አፍጥጦባቸዋል። ጎንበስ ብለው «ድምፅሽን ቀንሺ፣» አሏት።

አዚዛ ጉሮሮዋን ጠረገችና ጎረቤት እስኪሰማ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችላቸው።