ፊቱን ያዞረ ሰው በንጋት

ሠዓሊው አንሰልም ሮይተር ብቸኝነት ፍለጋ ከድረስደን ወደ ሩገን ደሴት ሲመጣ እንቅልፉንም ይዞ ነበር የመጣው።

በየመስከረሙ ድረስደን ላይ ለሚከፈተው የሥዕል ዐውደ ርእይ «ብቸኛ ሰው በንጋት» የሚል ርዕስ አስቀድሞ አስመዝግቧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥዕሎቹ ተመልሰውበታል። አጎቱ፣ ሥዕሉ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰበት ብሩሹን ጥሎ ኮምጣጤ መጥመቂያቸው እንዲገባ በደብዳቤ ቆርጠው ነግረውታል።

ማታ ማታ «ነገስ ጎህ ሳይቀድ» ብሎ ይምላል፤ ሲነቃ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። በአምስተኛው ቀን ዘዴ መጣለት። ስትወጣና ስትጠልቅ ቀለሟ ያው አይደል? ድረስደን ላሉት ዳኞች ማን ይነግርብኛል?

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድም ሰው አልነበረም። ብርሃኑ ከባሕሩ ላይ ቀስ ብሎ ሲነሣ፣ ዳርቻው ላይ የተሰቀሉት መረቦች ሲጠቁሩ፣ እጁ ራሱ ረጋ አለ። መሐል ላይ ባሕሩን የሚያይ አንድ ሰው ሣለ፣ ከኋላው። ፊት መሣል አይሆንለትም፤ ለራሱ ግን «ጥልቀት ነው» አለው።

ሲጨርስ ለተከራየበት ቤት ባለቤት፣ ለዓሣ አጥማጅ መበለቷ ለእትዬ ዊብከ አሳያቸው። ዓሣ በጭስ ማጠናቸውን ትተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ደስ የሚል ምሽት ነው» አሉ።

«ንጋት ነው፣ እትዬ።»

«መረቡስ? የኛ ሰዎች መረባቸውን ሲጨልም ባሕር ላይ ጥለው ሲነጋ ነው የሚስቡት። በንጋት እንጨት ላይ ከሰቀልክባቸው፣ ልጄ፣ ዓሣውን በባርኔጣ ሊቀዱት ነው?»

መረቡን አጠፋዋለሁ ብሎ አሰበ። ግን የሥዕሉ ዝምታ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ መረብ ላይ ነበር። ስለዚህ እውነተኛውን ንጋት አይቶ እንደ አዲስ ሊሥል ወሰነና እንዲቀሰቅሱት ለመናቸው። እትዬ ዊብከ በማግሥቱ ሲነጋጋ መጥተው ብርድ ልብሱን ገፈው ይዘውት ሄዱ።

እየተንቀጠቀጠ ገደሉን ወጣ። ሰባት ሠዓሊዎች ክርን ለክርን ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ሰባቱም አንድ ብቸኛ ሰው ይሥላሉ። ዳር ያለው ሳይዞር፣ «ወንድም፣ ፈቀቅ በል፤ ብቸኝነቴ ላይ ቆመሃል» አለው።

አንሰልም የቀለም ሣጥኑን ሳይከፍት ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች ተነሥተው ያጡትን እሱ ተኝቶ አግኝቶታል። ይህንንም ጥበብ ሊለው ቃጣና ራሱን ታዘበ።

ቁጭ ብሎ ለዐውደ ርእዩ ዳኞች ጻፈ። ንጋት የሚለው ተሰርዞ ምሽት ይባልልኝ አለ። ምክንያት ብዙ ሞከረ፤ ሁሉም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተው። በመጨረሻ «ንጋቱን አላየሁትም፤ ተኝቼ ነበር» ብሎ ፈርሞ ከሥዕሉ ጋር ላከው።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለእትዬ ዊብከ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ዘንድሮ የንጋት ሥዕል እጅግ በዝቶብናል፣ ምሽት የላከልን እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ሥዕልዎ ይሰቀላል ይላል።

«እሰይ» አሉ እትዬ ዊብከ። «ስለ ሥዕሉ ራሱስ ምን አሉ?»

አንሰልም ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

«ምሽት መሆኑን ወደውታል።»

«ነዋ» አሉ፣ «ምሽት ነው።»